በሚና መናገር ውሸት ነውን?

በኦንላይን ምናባዊ ጨዋታ ከሚና ሳይወጡ መቆየት ማለት ተጫዋቹ ወደ ዓለሙ ከገባበት ሰዓት አንስቶ እስኪወጣ ድረስ በፈጠረው ገጸ ባሕርይ አፍ ብቻ መናገር ነው። አብዛኛው ሰው እነዚህን ጨዋታዎች የሚከፍተው ጭራቅ ለመግደል፣ ሀብት ለማከማቸትና ደረጃ ለማሳደግ ነው። የሚና ተጫዋቹ ግን ለገጸ ባሕርዩ ቀዬ፣ ዘመድ፣ ቂም፣ ፍርሃትና የአነጋገር ለዛ ያወጣለታል፤ ከዚያም በዚያ ሰው ዕውቀት ልክ ይናገራል። በመጠጥ ቤቱ በር ላይ የቆመው ድንክ ዘበኛ ትናንት ማታ ስለተደረገው የእግር ኳስ ግጥሚያ ቢጠየቅ ስለ ምን እንደሚወራ አይገባውም። ከኪቦርዱ ኋላ ያለው ሰው ግጥሚያውን እስከ ተጨማሪው ሰዓት ድረስ አይቶት ይሆናል፤ ዘበኛው ግን አላየም።

ልማዱ ከኢንተርኔት በፊት የነበረ ነው። በ1974 (በዚህ ጽሑፍ ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) አሜሪካውያኑ ጌሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን «ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ»ን ሲያሳትሙ፣ ሰዎች ጠረጴዛ ከበው የአስማተኛና የጦረኛ ሚና ይዘው መነጋገር ጀመሩ። በ1978 በእንግሊዝ አገር በኤሴክስ ዩኒቨርሲቲ ሮይ ትረብሾና ሪቻርድ ባርትል ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ የሚገባበት፣ በጽሑፍ ብቻ የሚካሄድ ዓለም ሠሩ፤ «መድ» ይባል ነበር። ከዚያ በኋላ የመጡት ግዙፍ ጨዋታዎች ዘራቸው ከዚህ ይመዘዛል። በኅዳር 2004 ለገበያ የቀረበው «ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት» ለሚና ተጫዋቾች የተለዩ ሰርቨሮች ነበሩት፤ በእነዚህ ላይ ለዓለሙ የማይመጥን ስም የያዘ ተጫዋች ስሙን እንዲቀይር ይገደድ ነበር።

ጥያቄው የሚነሣው ከዚህ ነው። አንድ ሰው በየምሽቱ ያልሆነውን ነኝ፣ ያላደረገውን አደረግሁ፣ የማያምንበትን አምናለሁ እያለ ለሰዓታት ይናገራል። የሚሰሙት ደግሞ የመድረክ ታዳሚዎች ሳይሆኑ እንደሱው የሚናገሩ፣ የሚመልሱ፣ የሚቀየሙ ሰዎች ናቸው። ይህ ውሸት ነውን? ውሸት ካልሆነስ በሚናው የተደረገው በጎም ክፉም ሥራ የማን ነው?

ለመጀመሪያው ጥያቄ ከሁሉም የከረረውን መልስ የሰጠው የሰሜን አፍሪካው ክርስቲያን ጸሐፊ፣ የካርታጎው ጠርጡልያኖስ ነው። ስለ ትርኢቶች በጻፈው መጽሐፍ የእውነት ፈጣሪ የሆነው አምላክ ሐሰትን ሁሉ እንደሚጠላ፣ ድምፁን፣ ጾታውንና ዕድሜውን አስመስሎ የሚቀርብ፣ የሌለውን ፍቅርና የሌለውን ቁጣ የሚያሳይ ሰው በፊቱ እንደማይወደድ ተከራክሯል። ጠርጡልያኖስ የሚያውቀው ቲያትር ከጣዖት በዓላት ጋር የተሳሰረ ስለነበር ምሬቱ ምክንያት ነበረው። ክርክሩ ግን ከዚያ አልፎ ማስመሰልን በጠቅላላ ይነካል፤ ተቀባይነት ቢያገኝ የሚና ጨዋታ ብቻ ሳይሆን ልብ ወለድም ተረትም አብረው ይወድቃሉ።

ሁለት መቶ ዓመት ያህል ቆይቶ ከዚያው ከሰሜን አፍሪካ የተነሣው አውግስጢኖስ ጉዳዩን በተሻለ ጥንቃቄ ያዘው። አውግስጢኖስ በውሸት ላይ ጨካኝ ነው፤ ሕይወት ለማዳን እንኳ መዋሸትን አይፈቅድም። እንዲህ ያለ ሰው በ395 ገደማ ስለ ውሸት ሲጽፍ፣ ገና ከመግቢያው ቀልድንና ጨዋታን ከክሱ ነጻ ማውጣቱ ልብ ሊባል ይገባዋል። ተጫዋቹ በድምፁና በሁኔታው ለማታለል እንዳላሰበ ያሳያልና የሚናገረው እውነት ባይሆንም ውሸት አይባልም። ውሸትን ውሸት የሚያደርገው የቃሉ ሐሰትነት ሳይሆን የተናጋሪው የማታለል ሐሳብ ነው። ቀደም ሲል በ386 እና በ387 መካከል በጻፈው የብቻ ውይይቱ ላይ ደግሞ ከዚህ የሚጠልቅ ነገር አንሥቶ ነበር፦ ሮስኪዩስ የተባለው ዝነኛ ተዋናይ የትሮይዋን ንግሥት የሄኩባን ሚና ሲጫወት ሐሰተኛ ሄኩባ ካልሆነ እውነተኛ ተዋናይ ሊሆን አይችልም። ሐሰቱ የእውነቱ ማሟያ ነው። በአገራችን ለቅሶ ቤት ሙሾ አውራጅ በቅርብ በማታውቀው ሟች ላይ «ወንድሜ» ብላ ስታንጎራጉር ዋሸች የሚላት እንደሌለ ሁሉ፣ ድንኩ ዘበኛም የሦስት መቶ ዓመት ዕድሜውን ሲተርክ ሥራውን ሠራ እንጂ አልዋሸም።

ይህ መልስ ግን በአንድ ነገር ላይ የቆመ ነው፤ ሰሚው ጨዋታ መሆኑን ማወቅ አለበት። የሚና ተጫዋቾች ለዚህ የዘረጉት ሥርዓት ከሚታሰበው በላይ የረቀቀ ነው። የተለየ ሰርቨር መኖሩ ራሱ ስምምነት ነው፤ እዚያ የገባ ሰው የሚሰማው ምን ዓይነት ንግግር እንደሆነ ያውቃል። ከሚና ውጭ አንድ ነገር መናገር ግድ ሲሆን ደግሞ ቃሉ በድርብ ቅንፍ ይታጠራል፦ ((ሕፃኑ ነቃብኝ፣ አሥር ደቂቃ ስጡኝ))። ከቅንፉ ውጭ ያለው የዘበኛው፣ በቅንፉ ውስጥ ያለው የሰውየው ነው። ስለዚህ ያው አንድ ዓረፍተ ነገር እንደየቦታው ሁለት ዓይነት ሥራ ይሆናል። «ሚስቴ በወረርሽኝ ሞተችብኝ» የሚለው በመጠጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ሲነገር ታሪክ ነው፤ ያንኑ ቃል በቅንፍ ውስጥ ጽፎ የሰው ርኅራኄ ወይም ገንዘብ የሚለምን ሰው ግን ሚስት ኖራው ካልሞተች በቀር አታላይ ነው።

እንዲያውም ከሚና አለመውጣት ራሱን የቻለ ታማኝነት ይጠይቃል። የኔዘርላንድሱ የታሪክ ሊቅ ዮሃን ሁይዚንጋ በ1938 «ሆሞ ሉደንስ» በተባለ መጽሐፉ እንዳስተዋለው፣ ተጫዋቾች አጭበርባሪን ከጨዋታ አፍራሽ ይልቅ በቀላሉ ይታገሡታል፤ አጭበርባሪው ቢያንስ ጨዋታው እንዳለ አምኖ ያጭበረብራል፤ አፍራሹ ግን ዓለሙን ራሱን ይንደዋል። አምስት ሰዎች የተሸነፈች ከተማን ውድቀት በሐዘን እየተረኩ ሳለ ስድስተኛው መጥቶ ስለ ዋይፋይ ፍጥነት ቢያማርር የሚሰማቸው ንዴት ከዚህ የመጣ ነው። እያንዳንዱ ሚናውን የያዘው ሌሎቹ እንደሚይዙለት ተማምኖ ነው፤ ብቻውን ቢይዘውማ ምንም አይሆንም።

ታማኝነቱ በትናንሽ ነገሮች ላይ በይበልጥ ይታያል። በአብዛኞቹ ጨዋታዎች የእያንዳንዱ ገጸ ባሕርይ ስም ከራሱ በላይ ተጽፎ ይንሳፈፋል። ተጫዋቹ ስሙን ያነባል፤ ገጸ ባሕርዩ ግን አያነብም። ስለዚህ ጥሩ ተጫዋች ስሙ ፊት ለፊቱ ተጽፎ ላየው እንግዳ «ማን ልበል?» ይላል፤ እንግዳውም ስሙን ይነግረዋል ወይም የውሸት ስም ይሰጠዋል። የውሸት ስም ከሰጠውም እውነተኛውን እያነበበ በውሸቱ ይጠራዋል። በድርብ ቅንፍ የሰማውን ምስጢር ለገጸ ባሕርዩ ጥቅም የሚያውል ተጫዋች «ሜታጌሚንግ» በሚባል ጥፋት ይከሰሳል። ያወቁትን አለመጠቀም፣ በተለይም መጠቀም የሚያሸንፍ ሆኖ ሳለ፣ ከባድ ራስን መግዛት ነው። ፍርድ ቤት በደንብ ያልቀረበ ማስረጃን አውቆ እንዳላወቀ እንዲተው የሚጠየቅ ዳኛ ብቻ ይህን ሥራ በቅጡ ያውቀዋል።

ሁለተኛው ጥብቅ ሕግ በግሥ ላይ ያርፋል። ምስሉ የሚያውቀው እንቅስቃሴ ጥቂት ስለሆነ ተጫዋቾች የቀረውን ድርጊት በሦስተኛ ሰው ይጽፉታል። ሁለት ገጸ ባሕርያት ቢጣሉ አንደኛው «ቢላዋውን ወደ ትከሻው ሰነዘረ» ብሎ መጻፍ ይችላል፤ «ትከሻውን ወጋው» ብሎ ግን አይጽፍም። ቢላዋው ያግኘው ወይም ይሳተው የሚወስነው የባለትከሻው ተጫዋች ነው። «ተሸማቀቀ»፣ «ፈራ»፣ «ወደደችው» የሚሉት ግሦችም በባለቤታቸው እጅ ብቻ ናቸው። በሌላው ገጸ ባሕርይ ላይ እንዳሻው የሚወስን ሰው አምላክ ልሁን እንዳለ ተቆጥሮ ማንም አብሮት አይጫወትም። ከሰነዘረ እስከ ወጋ ያለችው ርቀት ጠባብ ብትመስልም የዚህ ጨዋታ ሥነ ምግባር በሙሉ እዚያች ውስጥ ያድራል። ገጸ ባሕርይ ሌባ፣ ነፍሰ ገዳይ፣ ከሃዲ መሆን ይችላል፤ ተጫዋቹ ግን በሌላው ተጫዋች ድርሻ ላይ እጁን ማስገባት አይችልም።

ይህ መስመር ሲጣስ ምን እንደሚከተል በ1993 በጉልህ ታይቷል። ፓቬል ከርቲስ በካሊፎርኒያ በዜሮክስ የምርምር ማዕከል ባቆመው «ላምዳሙ» በተባለ የጽሑፍ ዓለም ውስጥ፣ ሚስተር በንግል የሚል ስም የያዘ ተጫዋች በሰው ተሞልቶ በነበረ ክፍል ገብቶ የሌሎችን ገጸ ባሕርያት ድርጊት በራሱ እጅ የሚጽፍ ፕሮግራም አስነሣ። ሰዎች ያልጻፉት፣ የማይጽፉትም አስነዋሪ የወሲብና የጭካኔ ድርጊት በገጸ ባሕርያቸው ስም በሁሉም ስክሪን ላይ ይነበብ ጀመር። ጋዜጠኛው ጁልያን ዲቤል በዚያው ዓመት በታኅሣሥ «ቪሌጅ ቮይስ» በተባለው የኒውዮርክ ጋዜጣ ላይ ባወጣው ሐተታ እንደተረከው፣ ከተጎጂዎቹ አንዷ ስለ ሆነው ነገር ስትጽፍ በእውነተኛ ዓይኗ እውነተኛ እንባ ታፈስ ነበር። ማኅበረሰቡ ብዙ ተከራከረ። ቃላት ብቻ ናቸው ያሉ ነበሩ፤ እስከ ሞት የሚያስቀጣ ወንጀል ነው ያሉም ነበሩ። በመጨረሻ ከአስተዳዳሪዎቹ አንዱ የሚስተር በንግልን መለያ ሰረዘው፤ ከርቲስም ነዋሪዎቹ በአቤቱታና በድምፅ የሚወስኑበትን ሥርዓት ዘረጋ።

የዚህ ጉዳት ምንጩ የድርጊቱ አስከፊነት ብቻ አልነበረም። ያንኑ ትዕይንት ፈቅደው አብረው የሚጽፉ ሰዎች ቢሆኑ ኖሮ መልካም ጣዕም የለውም ይባል ነበር እንጂ ማንም አይጎዳም ነበር። ሚስተር በንግል የሠራው በደል «ወጋው» ብሎ መጻፉ ነው። በሌላው ሰው አፍ ተናገረ፤ የሌላውን እጅ አንቀሳቀሰ። ከዚህ በመነሣት ለሁለተኛው ጥያቄ መልስ መስጠት ይቻላል፦ በገጸ ባሕርዩ ላይ የሚወርደው የታሪኩ ነው፤ ገጸ ባሕርዩን አልፎ ከስክሪኑ ማዶ ያለውን ሰው የሚነካው ግን ኪቦርዱን በሚመታው ሰው ላይ ይቆጠራል። «እኔ ሳልሆን ገጸ ባሕርዬ ነው» የሚለው መከላከያ ለመጀመሪያው ይሠራል፤ ለሁለተኛው ፈጽሞ አይሠራም።

ክፋት ከስክሪን ማዶ ከደረሰ በጎነትስ? እንግሊዛዊው ፈላስፋ ጄ. ኤል. ኦስቲን በ1962 በታተመ የንግግሮቹ ስብስብ ላይ፣ ተዋናይ በመድረክ ላይ የሚሰጠው ተስፋ ወይም የሚፈጽመው ጋብቻ ባዶ ቃል እንደሆነ፣ በልዩ ሁኔታ ተነጥሎ መታየት እንዳለበት ይናገራል። በመድረክ ላይ ልክ ነው። በኦንላይን ዓለም ግን አድማጩ ራሱ ተናጋሪ ነውና ነገሩ ይለያል። ለዚህ ከኖርዌያዊው ማትስ ስቴን ሕይወት የተሻለ ማስረጃ ማግኘት ያዳግታል። ማትስ ጡንቻን የሚያመነምን፣ ዱሼን የተባለ በሽታ ይዞ ተወለደ፤ ከልጅነቱ ጀምሮ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ነበር፤ በኅዳር 2014 በሃያ አምስት ዓመቱ አረፈ። ወላጆቹ ያዘኑት መሞቱን ብቻ ሳይሆን ያለ ጓደኛ፣ ያለ ፍቅር፣ ለማንም ሳይጠቅም አለፈ ብለው ጭምር ነው። አባቱ በልጁ ብሎግ ላይ የሞቱን ዜና ሲጽፉ ግን ከማያውቋቸው ሰዎች መልእክት ይጎርፍ ጀመር።

ማትስ በ«ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት» ውስጥ «ስታርላይት» የሚባል የሚና ተጫዋቾች ማኅበር አባል ነበር፤ ገጸ ባሕርዩ ኢበሊን ሬድሙር የሚባል መርማሪ ነው። ኢበሊን ይሮጣል፣ ያዳምጣል፣ ይመክራል። ሩመር የምትባል ገጸ ባሕርይ አንድ ቀን ኮፍያውን ነጥቃው ሮጠች፤ ወዳጅነታቸው የተጀመረው በዚህ ነው። ከሩመር ኋላ ያለችው በኔዘርላንድስ የምትኖር ታዳጊ ነበረች፤ ወላጆቿ ስለ ትምህርቷ ተጨንቀው ኮምፒውተሯን ሲወስዱባትና በኀዘን ስትወድቅ፣ ማትስ ለወላጆቿ ደብዳቤ ጻፈላት። ለቀብሩ ከእንግሊዝ፣ ከፊንላንድ፣ ከዴንማርክና ከኔዘርላንድስ የመጡት ሰዎች በአካል አይተውት አያውቁም። ታሪኩን ቤንጃሚን ሬ በ2024 በወጣ ዘጋቢ ፊልም አቅርቦታል።

ይህ ሰው ጓደኞቹን አታለለ ይባላልን? ኢበሊን መሮጡ ውሸት አይደለም፤ የኢበሊን እግሮች የኢበሊን ናቸው። ከበድ የሚለው ሌላው ነው፤ ማትስ ስለ ሕመሙ በቅንፍ ውስጥም ቢሆን ለብዙ ዓመታት ለአብዛኞቹ ሳይነግራቸው ቆየ፤ በስፋት የገለጸው በ2013 በብሎጉ ላይ ነው። አውግስጢኖስ እዚህም ላይ የሚረዳ ልዩነት አለው፤ እውነትን መሰወር አንድ ነገር፣ ሐሰትን መናገር ሌላ ነገር ነው። ማንም ሰው ሕመሙን ለማያየው ሁሉ የመናገር ዕዳ የለበትም። ሚናው ለማትስ የሰጠው ዕድል መጀመሪያ በሕመሙ ሳይሆን በሰውነቱ መታወቅን ነው። የሰጠው ምክርና የጻፈው ደብዳቤ የእውነት ናቸውና የቀረቡበት ገጸ ባሕርይ ልብ ወለድ መሆኑ ዋጋቸውን አይቀንሰውም። ሪቻርድ ባርትል በ2003 በጻፈው የምናባዊ ዓለማት መጽሐፉ ላይ ተጫዋቹና ገጸ ባሕርዩ ውሎ አድሮ ወደ አንድነት እንደሚመጡ፣ ሰው ሌላ ሰው በመሆን ጉዞ ራሱን እንደሚያገኝ ይከራከራል። ለሁሉም ይሠራል ማለት ያስቸግራል፤ ብዙ ሰው የሚጫወተው ከራሱ ለማረፍ ነው። ለማትስ ግን በትክክል ሠርቷል።

የቀረው የልብ ጉዳይ ነው። አፍላጦን «ሪፐብሊክ» በተባለው ድርሳኑ በሦስተኛው መጽሐፍ የከተማይቱ ጠባቂዎች ክፉ ሰዎችን እንዳያስመስሉ ይከለክላል፤ ከወጣትነት ጀምሮ የተደጋገመ ማስመሰል በአካል፣ በድምፅና በሐሳብ ላይ ልማድና ባሕርይ ሆኖ ይቀመጣል ይላል። ስጋቱ ከንቱ አይደለም። ኒክ ዪና ጄረሚ ቤይለንሰን በ2007 ባወጡት ጥናት በምናባዊ ዓለም ረዥም ቁመት ያለው ምስል የተሰጣቸው ሰዎች በድርድር ላይ ይበልጥ ጠንካራ ሆነው ተገኝተዋል፤ መልከ መልካም ምስል የተሰጣቸውም ወደ ሌላው ይበልጥ ተጠግተዋል። የሚና ተጫዋቾች ራሳቸው የገጸ ባሕርይ ስሜት ወደ ተጫዋቹ፣ የተጫዋቹም ወደ ገጸ ባሕርዩ መስረጉን ያውቁታል፤ በታሪኩ የተከዳ ሰው ጨዋታውን ዘግቶም ሆዱ እንደተረበሸ ይተኛል።

አፍላጦን ያልቆጠረው ግን አብሮ መጫወት የሚጠይቀውን ትኩረት ነው። ጨካኝ የጦር አዛዥ የሚጫወት ሰው በደንብ ከተጫወተ፣ ሌሊቱን ሙሉ የሚያስበው ባልንጀራው ምን ያህል እንደሚችል፣ ታሪኩ የማን ተራ እንደሆነ፣ ዛቻው አስፈሪ ሆኖ ሳለ ለማምለጫ ቀዳዳ እንዴት እንደሚተው ነው። የሚለማመደው ጭካኔን ሳይሆን ሰው መጠንቀቅን ነው። ቅዱስ መነኩሴ የሚጫወት፣ ነገር ግን ሁልጊዜ እኔ ልናገር የሚል፣ የሌላውን ተራ የሚነጥቅ ሰው ደግሞ በቅድስና ልብስ ትዕቢትን ይለማመዳል።

በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 5 ሴትን ተመኝቶ ያየ በልቡ አመነዘረ የሚለው ቃል የሚመለከተው ፈቃድን ነው። ሌባ የሚጫወት ሰው የሰው ንብረት አልተመኘም፤ ፈቃዱ በታሪኩ ላይ ነው። በሚናው ሽፋን ጭካኔን ለማጣጣም፣ ሰው ሲዋረድ በማየት ለመርካት የሚገባ ሰው ግን አለ፤ ተባባሪዎቹ ቢፈቅዱለትና አንድም ደንብ ባይጥስ ቃሉ ያገኘዋል። ሁለቱን ከውጭ ሆኖ መለየት አይቻልም። ይህ ለንስሐ አባት የሚነገር እንጂ የሰርቨር አስተዳዳሪ የሚዳኘው አይደለም። የነገረ መለኮት ሊቁ ቶማስ አኵናስ ጨዋታ ለሰው ሕይወት የሚያስፈልግ ዕረፍት መሆኑን፣ የተዋናይም ሙያ በራሱ ኃጢአት አለመሆኑን ተቀብሎ፣ ልኩንና ሁኔታውን ይጠብቅ ሲል ፍርዱን በቦታና በመጠን ላይ መጣሉ ለዚህ ነው።

ከሚና መውጣት ግዴታ የሚሆንበት ጊዜም አለ። ባልንጀራው የማይፈልገውን ነገር እየጻፈ መሆኑን የተጠራጠረ ተጫዋች ወዲያው ቅንፍ ይከፍታል፤ አብሮት ያለው ለአቅመ አዳም ያልደረሰ ልጅ መሆኑን የተረዳም ታሪኩን ይለውጣል ወይም ያቆማል። ከሁሉ የሚከብደው ገጸ ባሕርይ መኖር እንደሰለቸው ሲናገር ነው፤ ቃሉ የተሸነፈው ጦረኛ ይሁን የደከመው ሰው ከጽሑፉ አይለይም፤ ሰው ደግሞ በግልጽ ሊለው ያልደፈረውን ብዙ ጊዜ በሌላ አፍ ይለዋል። እንዲህ ሲሆን ጨዋታን መጠበቅ ሰውን ከመጠበቅ በታች ነውና ትዕይንቱ የቱንም ያህል ቢያምር መጠየቅ ይገባል፦ ((አንተ ራስህ ደኅና ነህ?))። መልሱ ጦረኛው እንጂ እኔ አይደለሁም ከሆነ ትዕይንቱ ከተቋረጠበት መስመር ይቀጥላል።